ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆነውን ልጅ ይዞ ወደ ደብረ ሊባኖስ ስለ መሄድ

(በደብሩ የኃምሳኛ ዓመት ኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ)



ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ በሁለተኛው ምዕራፍ እንደ ጻፈው፣ እመቤታችን ድንግል ማርያምና አረጋዊው ዮሴፍ ለፋሲካ በዓል በየዓመቱ ከናዝሬት ወደ ኢየሩሳሌም ይወጡ ነበር። ጌታችን ዐሥራ ሁለት ዓመት በሆነው ጊዜም እንደ በዓሉ ልማድ ይዘውት ወጡ። በዓሉ ተፈጽሞ ሲመለሱ ግን ብላቴናው በኢየሩሳሌም ቀረ፤ እነርሱም ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ከሄዱ በኋላ ከዘመድና ከወዳጅ መካከል ቢፈልጉት አጡት። ወደ ኋላም ተመልሰው ከሦስት ቀን በኋላ በቤተ መቅደስ፣ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውና ሲጠይቃቸው አገኙት።

ይህ ታሪክ በየዓውደ ምሕረቱ ብዙ ጊዜ ይሰበካል። የሚሰበከውም ስለ ጌታችን ጥበብ ነው፤ ይህም የተገባ ነው። ስለ መንገዱ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ከናዝሬት እስከ ኢየሩሳሌም ያለው መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በእግር ለሚሄድ ሰው ሦስት ወይም አራት ቀን ይፈጃል። እንግዲህ ያ ቅዱስ ቤተ ሰብ ስንቅ ይሰንቅ፣ ማደሪያ ያስብ፣ የመንገድ ጓደኛ ይፈልግ ነበር ማለት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ሊባኖስም ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሮ በእግርና በበቅሎ ስንት ሌሊት እየታደረበት የሚኬደው ይህ መንገድ፣ ዛሬ በመኪና ማልዶ ለተነሣ ሰው ከምሳ በፊት ያደርሳል። ነገር ግን መንገዱ ሲያጥር አብሮ ማሰቡም ያጠረ ይመስላል። ማታ «ነገ እንሂድ» ተባብሎ ጧት የሚነሣ ቤተ ሰብ ብዙ ነው፤ ልጁም የሚሄድበትን ቦታ የሚያውቀው መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ወንጌላዊው የልጁን ዕድሜ ቈጥሮ መጻፉ ያለ ምክንያት አይደለም። በአይሁድ ሥርዓት ወንድ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው ሕጉን የመጠበቅ ግዴታ በራሱ ላይ ይወድቃል፤ መምህሮቻቸውም ጾምን የመሰለው ነገር ድንገት እንዳይከብደው አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት አስቀድሞ እንዲለማመድ ያዙ ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት እንግዲህ የመለማመጃ ዕድሜ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በ40 ቀኑ፣ ሴቷን በ80 ቀኗ ታጠምቃለች፤ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነውም ወላጆቹ ጾም ያስለምዱታል። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ጋብቻው ድረስ ልጁ በስሙ ተለይቶ የሚጠራበት ቀን ብዙም አይታይም። በዚህ መካከል ልጁ እንደ ሕፃን ቢያቅፉት የሚያፍርበት፣ እንደ ትልቅ ሰው ቢተዉት ደግሞ የሚከፋበት ጊዜ ይመጣል። ወላጅ ሁሉ ይህን ጊዜ ያውቀዋል፤ ምን እንደሚያደርግበት ግን የሚያውቅ ብዙ አይደለም።

ይህ ደብር ዛሬ የኃምሳ ዓመት በዓሉን ያከብራል። ዛሬ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ የመቶኛው ዓመት በዓል ሲከበር 62 ዓመት ይሆነዋል፤ የዚያን ጊዜ ሰበካ ጉባኤውን የሚመራው፣ ጣሪያ ሲያፈስ ቈርቈሮ የሚገዛው፣ ዛሬ ከእናቱ ነጠላ ሥር እየወጣ ያለው ልጅ ነው። ወይም አይደለም። ይህ የሚለየው በብዙ ነገር ነው፤ ከብዙውም አንዱ ልጁ ከአባቱና ከእናቱ ጋር አንድ ቀን ወደ ተቀደሰ ቦታ ሄዶ በደስታ መመለሱ ወይም በቍጣ መመለሱ ነው።

አስቀድሞ መደረግ ያለበት ነገር ከልጁ ጋር መማከር ነው። ይህን የሰማ አባት ብዙ ጊዜ «ልጅ ይታዘዛል እንጂ ይማከራልን?» ይላል። መሄድን የሚወስኑት በእርግጥ ወላጆች ናቸው፤ በምን ቀን፣ ከማን ጋር፣ ምን ተይዞ እንደሚኬድ ግን ልጁ ቢጠየቅ የአባት ክብር አይጐድልም። በአንድ ወረቀት ላይ የመንገዱን ከተሞች በተራ ይጻፍ፤ እንጦጦን ከተሻገሩ በኋላ ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከ ጡሪ፣ ደብረ ጽጌ፣ ከዚያም ወደ ፍቼ ሳይደርሱ ወደ ቀኝ መታጠፊያው። በመንገድም ያለፉትን እየሰረዘ ይሂድ። «መቼ ነው የምንደርሰው?» የሚለው ጥያቄ፣ ወላጅን ሁሉ የሚያሰለቸው፣ በዚህ ይቀንሳል። ደግሞም ለነዳያን የሚሰጠውን፣ ለጧፍ የሚከፈለውንና በሙዳየ ምጽዋት የሚጨመረውን ገንዘብ አባትየው አስቀድሞ በዝርዝር ብር ለውጦ ለልጁ ያስረክበው፤ አከፋፈሉንም ልጁ ራሱ ይወስን። በእጁ ያለው ስንት እንደ ሆነ የሚያውቅና በደጀ ሰላሙ ስንት ድሀ እንደ ተቀመጠ በዓይኑ ያየ ልጅ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ምጽዋት ብዙ ትምህርት አያስፈልገውም።

ልጁ «አልሄድም» ያለ እንደ ሆነስ? ተቈጥቶ ከመመለስ ምክንያቱን ረጋ ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ እምነትን የሚነካ ሆኖ አይገኝም። አንዱ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ለመጫወት ተቀጣጥሮ ይሆናል። ሌላው መኪና ሲሄድ ያጥወለውለዋል፤ ይህንም መናገር ያሳፍረዋል። ሌላው ደግሞ አንድ ጊዜ በጠበል ቦታ ሕሙማን ሲጮኹ ሰምቶ ፈርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ጠበል በተባለ ቍጥር ሆዱ ይረበሻል። ይህን ፍርሃት ማንም አልጠየቀውምና ለማንም አልተናገረም። የሚጮኸው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደሚጮኽ፣ ካህኑም ምን እንደሚያደርግለት ከመንገዱ በፊት በቤት ተቀምጦ የተነገረው ልጅ በቦታው ሲደርስ ከመፍራት ይልቅ ማዘን ይችላል።

ስለ ቀኑ አመራረጥ፦ የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ታላላቅ በዓላት ታኅሣሥ 24 ቀን ልደታቸው፣ ግንቦት 12 ቀን ፍልሰተ ዐፅማቸው፣ ነሐሴ 24 ቀን ዕረፍታቸው ነው። በእነዚህ ቀናት ሕዝቡ ከየአገሩ ይጐርፋል። የበዓሉ ክብር ታላቅ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያን ቀን መምረጥ መልካም አይመስልም። በሕዝቡ ብዛት ዋሻውን ሳያይ፣ አንድ መነኵሴም ሳያነጋግር፣ የሰው ጀርባ ብቻ አይቶ ይመለሳልና። «እመቤታችንስ ልጇን ይዛ የወጣችው በታላቁ በዓል አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ የጠፋባትም በዚያው በዓል ነው። ነሐሴ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ወር ስለ ሆነ ለብዙዎች ይመቻል፤ ግን ክረምት ነው፣ በእንጦጦና በሱሉልታ ጉሙ መንገድ ይጋርዳል፣ ገደላማው ቦታም ያንሸራትታል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ካሉት ቅዳሜዎች አንዱን መርጦ ሄዶ፣ እዚያው ወይም በፍቼ አድሮ፣ እሑድ ቅዳሴ አስቀድሶ መመለስ ለቤተ ሰብ ይበጃል። የመንገዱንም ሰላም ከሚያውቁት ሰዎች አስቀድሞ ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ መልሱ ደስ የማያሰኝ ከሆነ ቀኑን ማስተላለፍ የእምነት ማነስ አይደለም።

የነፍስ አባት ከመንገዱ በፊት ይጠየቃል። ልጁ የሚቈርብ ከሆነ፣ ጠበልም የሚጠጣ ወይም የሚጠመቅ ከሆነ፣ ጾሙ እስከ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ የሚወስኑት እርሳቸው ናቸውና። እናት በራሷ ቅንዓት «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጹም» ብላ፣ ያደገ መስሎ የሚታየው ልጅ በዳገት ላይ ዓይኑ ሲጨልምበት አይታ የምትደነግጥበት ጊዜ አለ። ስንቁ የጾም ቢሆን ለሁሉ ቀን ይመቻል፤ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድፎ ዳቦ፣ ብዙ ውኃ። ስለ ልብስም እንዲሁ፤ እንጦጦ ላይ ጋቢ የሚያስፈልገው ሰው ወደ ገዳሙ ሲወርድ ይሞቀዋል። ጫማውም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቶሎ የሚወልቅ፣ ማሰሪያው የማያስቸግር ይሁን። በልጁ ኪስ የወላጆቹ ስምና የስልክ ቍጥር የተጻፈበት ወረቀት ይቀመጥ፤ የእጅ ስልክ ቢኖረውም እንኳ፣ ስልክ ኃይሉ ያልቃልና።

በዚህ ዕድሜ የሚሆን አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ትንሽ ልጅ ሳለ ከእናቱ ጋር በሴቶቹ በኩል ቆሞ ያስቀድስ የነበረው ወንድ ልጅ አሁን ወደ አባቱ፣ ወደ ወንዶቹ በኩል ይሻገራል። አንዳንድ መተርጕማን ስለ ኢየሩሳሌሙ ጉዞ ሲናገሩ ወንዶቹ ለብቻ፣ ሴቶቹ ለብቻ ሆነው ይሄዱ ስለ ነበር፣ ዮሴፍ ልጁ ከእናቱ ጋር ያለ፣ እናቱም ከዮሴፍ ጋር ያለ መሰላቸው ይላሉ። ዐሥራ ሁለት ዓመት በሁለቱም ወገን መቆም የሚቻልበት ዕድሜ ነውና። ስለዚህ በቅዳሴ ጊዜ ልጁ ከማን ጋር እንደሚቆም፣ ሲያልቅም በየትኛው ዛፍ ሥር እንደሚገናኙ ከመግባታቸው በፊት በቃል ይነጋገሩ።

ልጅቱ ሴት ከሆነች ደግሞ እናት አስቀድማ ለብቻዋ ልታነጋግራት ይገባል። በዐሥራ አንድና በዐሥራ ሁለት ዓመቷ የወር አበባ የምታይ ልጅ ጥቂት አይደለችም፤ በዚያ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ አለመግባት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንደ ሆነ ታውቋል። ያልተነገራት ልጅ በመንገድ ላይ ቢደርስባት ትደነግጣለች፣ ከውጭ መቆሟንም እንደ ቅጣት ትቈጥረዋለች። የተነገራት ልጅ ግን ከቅጽሩ ውስጥ ከእናቷ ወይም ከአክስቷ ጋር ቆማ ትጸልያለች፤ ብቻዋን ግን አትተው። ቀኑንም በሚቈርጡበት ጊዜ እናት ይህን በልቧ ይዛ ብታስብ መልካም ነው፤ ለአባትየውም ቀኑ ለምን እንደ ተለወጠ ሁሉን መንገር አያስፈልግም።

ወደ ገዳሙ ሲቃረቡ የዠማ ሸለቆ ይታያል። በገደሉ አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ተቀምጠው ይገኛሉ፤ ይህ ዝንጀሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የሌለ ነው። ልጁ መኪናው እንዲቆምለት ይለምናል። «እኛ የመጣነው ለጸሎት ነው እንጂ ዝንጀሮ ለማየት አይደለም» ብሎ የሚያልፍ አባት ተሳስቷል፤ እግዚአብሔር የፈጠረውን አይቶ መደነቅ ከጸሎት የራቀ አይደለምና ሩብ ሰዓት ይስጠው። በአፋፉ ላይ ግን እጁን ይያዝ፤ ቢያፍርም ይያዝ። በተለምዶ የፖርቱጋሎች ድልድይ የሚባለው፣ በራስ ዳርጌ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገረው የድንጋይ ድልድይ ዘንድም እንዲሁ ነው።

በገዳሙ ውስጥ ልጁ ጥያቄ ይኖረዋል። ስለ ጻድቁ ልጅነት፣ ወላጆቻቸው ጸጋ ዘአብና እግዚእ ኀረያ እንደሚባሉ፣ እርሳቸውም በሕፃንነታቸው ፍሥሐ ጽዮን ይባሉ እንደ ነበር አስቀድሞ ቢነገረው ከቦታው ጋር ይዛመዳል። ጻድቁ እግራቸው እስኪቈረጥ ድረስ ቆመው የጸለዩበትን ዋሻ ሲያይ፣ «እንዴት አንድ ሰው በአንድ እግሩ ዓመት ሙሉ ይቆማል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ወላጆች በሰው ፊት እንዲህ ሲባሉ ያፍራሉ፤ ልጁንም ቈንጥጠው ዝም ያሰኙታል። በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የተቀመጡት መምህራን ግን የጠየቃቸውን ብላቴና ዝም አላሰኙትም። ስለዚህ ከጉዞው ጊዜ አንድ ሰዓት ለጥያቄ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ከገዳሙ አባቶች አንዱን በትሕትና ለምነው ልጁን በጥላ ሥር ያስቀምጡት፤ ወላጆቹም ጥቂት ፈቀቅ ይበሉ። አባትና እናት ባሉበት የማይጠየቅ ጥያቄ አለ።

ከሁሉ ይልቅ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ የኢጣሊያ ጦር በከተማው ሕዝብ ላይ ያደረሰው ጭፍጨፋ የታወቀ ነው። ከዚያም ግራዚያኒ ደብረ ሊባኖስን በዚህ ነገር ጠርጥሮ ጄኔራል ማለቲን አዘዘ። በግንቦት ወር፣ የፍልሰተ ዐፅም በዓል ሊከበር መነኰሳቱና ምእመናኑ በተሰበሰቡበት ሰሞን፣ ገዳሙ በወታደር ተከበበ። መነኰሳቱ በካሚዮን እየተጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባለው ስፍራ ተወስደው በጥይት ተደበደቡ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ዲያቆናቱ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ተገደሉ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም የመነኰሳቱን ቍጥር 297፣ የዲያቆናቱን 129 ብሎ አስታወቀ። በኋላ ዘመን ነገሩን የመረመሩት ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ግን የሟቾቹ ቍጥር ከ1,400 እስከ 2,000 እንደሚደርስ ገምተዋል።

ይህን ለዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መንገር ይገባልን? «ልቡ ይጐዳል፣ ሲያድግ ይሰማዋል» የሚሉ ወላጆች አሉ፤ አሳባቸውም ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አይናቅም። ነገር ግን ልጁ በቦታው ሆኖ ከማንም መንገደኛ አፍ ሊሰማው ይችላል፤ ከመንገደኛ የሚሰማውም ብዙ ጊዜ ደሙን የሚያበዛ፣ ትርጕሙን የሚያጐድል ነው። ከተገደሉትም ዲያቆናት መካከል በዕድሜ ከእርሱ ብዙም የማይርቁ ወጣቶች ነበሩ። ስለዚህ ከመንገዱ በፊት ባለው ማታ፣ በቤት፣ ከእራት በኋላ፣ አባት ወይም እናት በጥቂት ቃል፣ ቍጥሩንና ዓመቱን ሳያሳስቱ፣ የአሟሟቱን ዝርዝር ሳያበዙ ቢነግሩት ይሻላል። ይህን ያደረገው የፋሽስት መንግሥት መሆኑን እንጂ የአንድ ሕዝብ ልጆች ሁሉ አለመሆናቸውን ይንገሩት። ገዳሙም እንዳልጠፋ፣ ቅዳሴው እንደ ተመለሰ፣ ነገ የሚገባበት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን እንደ ተሠራ ይጨምሩለት።

ልጁም «እግዚአብሔር ለምን አላዳናቸውም?» ብሎ ይጠይቃል። የሚጠይቅ ልጅ ከሆነ ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ለመመለስ የሚቸኩል ወላጅ ብዙ ይሳሳታል። ስለ ሰማዕታት አክሊል ካህኑ በጊዜው ያስተምሩታል፤ አባት ግን «እኔም ይህን እጠይቃለሁ፤ ነገ በዚያ ቆመን አብረን እንጸልይላቸዋለን» ቢለው ውሸት አልተናገረም፣ ልጁንም ብቻውን አልተወውም። በማግሥቱ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ልጁ በእጁ ካለው ገንዘብ ጧፍ ገዝቶ ያበራል። ለማን እንደሚያበራው ማንም አይንገረው።

የመመለሻው ቀን ከሄዱበት ቀን ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጌታችን የቀረው ሲወጡ ሳይሆን ሲመለሱ እንደ ነበር ልብ ይሏል። ሲሄዱ ሁሉም ንቁ ነው፤ ሲመለሱ ግን እናት ደክማለች፣ አባት ስለ ነገው ሥራ ያስባል፣ ዘመድ አዝማድ በሁለት መኪና ተሳፍሯል፣ ልጁም ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ይዛወራል። በየማረፊያው መኪናው ከመነሣቱ በፊት እያንዳንዱ ልጅ በስሙ ይጠራ፤ «ከእነ አጎቱ ጋር ነው» የሚል ቃል ብቻውን አይታመን። ቢጠፋም፣ ሲገኝ የመጀመሪያው ቃል ስድብ አይሁን። እመቤታችን ሦስት ቀን ከፈለገችው በኋላ የተናገረችው ጭንቀቷን ነው፤ ለምን እንዲህ እንዳደረገም ጠየቀችው፤ መልሱንም ባታስተውለው እንኳ ሁሉን በልቧ ትጠብቀው ነበር ይላል ወንጌላዊው።

ቤት ሲደርሱ መሽቷል። እግራቸው ታሞ ያልሄዱት አያት ሳይተኙ ይጠብቃሉ። ልጁ ሲጠብቀው የመጣውን ጠበል ያለበትን ዕቃ በሁለት እጁ ይዞ ገብቶ ይሰጣቸዋል፤ አጠገባቸውም ተቀምጦ ስለ ጭላዳው፣ ስለ ዋሻው፣ ስለ ዲያቆናቱ እያደባለቀ ይነግራቸዋል። ቅደም ተከተሉ ይሳሳታል። አባትና እናት አያርሙት።